የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምና የሌዘር ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጆሮ ፊት ለፊት የሚሰማ፣ ሲያኝኩም ሆነ ሲያዛጉ የሚብስ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጥርስ ሐኪም ወደ ጆሮ ሐኪም፣ ከጆሮ ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒ ሲመላለሱ ከርመው አንድ ቀን «ሌዘር ይሞከርልዎ» ይባላሉ። የሚከተሉት መልሶች የተጻፉት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ከዚህ ሕክምና ምን መጠበቅ እንዳለበት ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ሕመሙ የሚሰማኝ ጆሮዬ ላይ ነው። እንዴት የመንጋጋ ሕመም ሊሆን ይችላል?

የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገጣጠመው በሁለቱ ጆሮዎች ፊት ለፊት ነው። ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አድርገው አፍዎን ከፈት ዘጋ ቢያደርጉ ከቆዳው ሥር የሚንቀሳቀስ አጥንት ይሰማዎታል፤ መገጣጠሚያው እሱ ነው። ከጆሮ ቦይ የሚለየው ስስ ግድግዳ በመሆኑና የሁለቱም የሕመም ስሜት ወደ አንጎል የሚደርሰው በተቀራረቡ ነርቮች በኩል በመሆኑ፣ መንጋጋው ሲታመም ጆሮ የታመመ ይመስላል። ጆሮው ታይቶ ደኅና ከሆነ፣ ሕመሙም በማኘክ፣ በማዛጋት ወይም ብዙ በመናገር የሚብስ ከሆነ መንጋጋውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

መገጣጠሚያው እንደ በር ማጠፊያ ብቻ አይደለም የሚሠራው። አፍ መከፈት ሲጀምር የመንጋጋው ጫፍ ባለበት ይዞራል፤ አፍ በሰፊው ሲከፈት ግን ጫፉ ከማረፊያ ጎድጓዱ ወጥቶ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ቀጭን ዲስክ አለ። ሐኪሞች «ቲኤምጄ» የሚሉት መገጣጠሚያውን ሲሆን «ቲኤምዲ» የሚሉት ደግሞ በመገጣጠሚያውና በማኘኪያ ጡንቻዎች ላይ የሚደርሱትን ችግሮች በጥቅሉ ነው። የጡንቻ መኮማተር፣ የዲስክ ከቦታ መሸሽ፣ የመገጣጠሚያ መቆጣትና የአጥንቱ መበላት ሁሉም በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። በመሆኑም «ቲኤምዲ አለብህ» ተብሎ የተላከ ሰው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው?» ብሎ ነው።

በአሜሪካ ብሔራዊ የጥርስና የፊት አካላት ምርምር ተቋም መረጃ መሠረት በዚያች አገር ከ11 እስከ 12 ሚሊዮን የሚሆኑ አዋቂዎች በዚህ አካባቢ ሕመም አለባቸው፤ ሴቶች ላይም ከወንዶች በእጥፍ ይታያል።

አፌን ስከፍት ቋ ይላል። ሌዘር ድምፁን ያጠፋልኛል?

አያጠፋም። ድምፁ በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ፊት የሸሸው ዲስክ አፍ ሲከፈት ተመልሶ ወደ ቦታው ሲገባ ነው፤ ብርሃን ደግሞ ዲስክን አያንቀሳቅስም። ሕመም ከሌለና አፍዎ እንደ ልብ የሚከፈት ከሆነ ድምፁ ብቻውን ሕክምና አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ቋ እያለ ይኖራል።

የሚያሳስበው ሲቋቋ የኖረው መንጋጋ በድንገት ዝም ብሎ አፍ አልከፈት ሲል ነው። የራስዎን ሦስት ጣቶች፣ ማለትም ጠቋሚውን፣ መሃለኛውንና የቀለበቱን፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድረው በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶችዎ መካከል ለማስገባት ይሞክሩ። ጤናማ አፍ አብዛኛውን ጊዜ 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚከፈት ሦስቱም ይገባሉ። ሁለቱ ብቻ ከገቡና ይህ በቅርቡ የተፈጠረ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ የመንጋጋ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሌዘር ይቆርጣል፣ ያቃጥላል ይባል የለ? መንጋጋዬን አይጎዳውም?

የቀዶ ሕክምና ሌዘርና ይህኛው ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። የሚቆርጠው ኃይሉን በጠባብ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ሥጋን በሙቀት ይለያል። ለሕመም ማስታገሻ የሚውለው ኃይል ግን በሚሊዋት የሚለካ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሚሊዋት የማይበልጥ በመሆኑ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወይ ምንም አይሰማም፣ ወይ ለብ ይላል። ቀድሞ «ቀዝቃዛ ሌዘር» ይባል የነበረው ለዚህ ነው፤ በሕክምና ጽሑፎች አሁን «ፎቶባዮሞዱሌሽን» የሚለው ስም ተለምዷል። ከ500 ሚሊዋት በላይ የሆኑና ክፍል 4 የሚባሉ መሣሪያዎችም ለሕመም የሚውሉበት ጊዜ አለ። እነዚህ ስለሚያሞቁ ባለሙያው ጫፉን አንድ ቦታ ላይ ማቆም አይገባውም። እንደ ራጅ ያለ ጨረር ግን በሁለቱም ውስጥ የለም።

የነገሩ አጀማመር ራሱ አጋጣሚ ነበር። የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን አሜሪካ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ የቡዳፔስቱ ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር በተላጨ የአይጦች ጀርባ ላይ ደካማ ሌዘር ሲያበራ ጸጉራቸው ካልበራባቸው አይጦች ፈጥኖ ሲበቅል ተመለከተ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ብርሃን ለቁስል፣ ለጉልበት፣ ለአንገትና ለመንጋጋ ሕመም ሲሞከር ቆይቷል።

ብርሃን ሕመምን የሚያስታግሰው በምን አሠራር ነው?

ለዚህ ሕክምና የሚመረጠው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ600 እስከ 1000 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። ለመንጋጋ መገጣጠሚያ በብዛት የሚውለው ከ780 እስከ 980 ያለው፣ በዓይን የማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ከቀዩ ብርሃን ይልቅ ወደ ውስጥ ጠለቅ ይላልና። ብርሃኑን በሕዋሳት ውስጥ የሚቀበለው ዋናው አካል በማይቶኮንድሪያ (ለሕዋሱ ኃይል በሚያመርተው ክፍል) የሚገኝ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም እንደሆነ ይታመናል። ኢንዛይሙ ብርሃኑን ሲመጥ የሕዋሱ የኃይል ምርት ይጨምራል፣ የደም ሥርን የሚያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድም ይለቀቃል፤ መቆጣትን የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮች ሲቀንሱና የሕመም ነርቮች መልእክት ሲዘገይም ታይቷል።

ይሁንና ከዚህ ዕውቀት አብዛኛው የተገኘው ከቤተ ሙከራ ሕዋሳትና ከእንስሳት ነው። በሰው ፊት ላይ ብርሃኑ ቆዳን፣ ስብን፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ጺምን አልፎ መሄድ አለበት፤ በየደረጃውም ይቀንሳል። መገጣጠሚያውና ጉንጭ ላይ ያለው ትልቁ የማኘኪያ ጡንቻ ከቆዳ ብዙም ስለማይርቁ ይደርሳቸዋል። መንጋጋን ወደ ፊት የሚስበው ውስጠኛው ጡንቻ ግን ከአጥንት ኋላ የተደበቀ በመሆኑ ከውጭ በሚበራ ብርሃን እሱን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አንድ የሕክምና ክፍለ ጊዜ ምን ይመስላል?

ወንበሩ ላይ ጋደም ካሉ በኋላ ባለሙያው ፊትዎ ላይ ያለውን ቅባትና ሜካፕ ጠርጎ፣ ጉንጭዎንና የጆሮ ግንድዎን በጣቱ እየተጫነ የሚያሙትን ነጥቦች ይፈልጋል። ነጥቡ ሲገኝ ታካሚው ሳይጠየቅ «እሱ ጋ!» ይላል። ከዚያ እርስዎም ባለሙያውም መከላከያ መነጽር ታደርጋላችሁ፤ ይህ ሳይደረግ መሣሪያው መብራት የለበትም። እስክሪብቶ የሚመስለው ጫፍ በሚያመው ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ቆዳውን በስሱ ተጭኖ ይያዛል። ለመገጣጠሚያው ራሱ አፍዎን በመጠኑ እንዲከፍቱ ይጠየቃሉ፤ የመንጋጋው ጫፍ ወደ ፊት ሲንሸራተት ከጆሮ ፊት ጎድጎድ ያለ ቦታ ስለሚፈጠር ብርሃኑ ወደ ውስጥ መግቢያ ያገኛል። መሣሪያው ጢጥ ይላል፣ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፣ እንደገና ጢጥ ብሎ ይጠፋል፤ ወደሚቀጥለው ነጥብ ይታለፋል። ሁሉም ነገር በአብዛኛው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ አያምም፣ ማደንዘዣም አያስፈልግም፣ ወጥተው ወደ ሥራዎ መመለስ ይችላሉ። በማግስቱ ሕመሙ ትንሽ የሚነሣባቸው ሰዎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል።

ጎረቤቴን በሦስት ጊዜ ተሻላት፤ እኔ ስምንት ጊዜ ሄጄ ለውጥ የለም። ለምን?

አንደኛው ምክንያት የእርስዎና የእሷ ሕመም አንድ ዓይነት ላይሆን መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሌዘር ተደረገልኝ» የሚለው አባባል «ክኒን ዋጥኩ» ከማለት ብዙም የማይሻል መሆኑ ነው። የትኛው ክኒን፣ ስንት ሚሊግራም? በሌዘርም እንዲሁ የሞገድ ርዝመቱ፣ ኃይሉ፣ ጊዜውና የሚያርፍበት ስፋት ተለይተው ካልታወቁ ምን እንደተሰጠ አይታወቅም።

ስሌቱ ቀላል ነው። 200 ሚሊዋት የሆነ መሣሪያ አንድ ነጥብ ላይ ለ30 ሰከንድ ቢበራ በድምሩ የሚሰጠው መጠን 6 ጁል ነው (0.2 ዋት በ30 ሰከንድ ሲባዛ)። 50 ሚሊዋት የሆነው ይህንኑ ለመስጠት 2 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ወረፋ የበዛበት ባለሙያ በ30 ሰከንድ ካነሣው ግን ሩቡን ብቻ፣ ማለትም 1.5 ጁል ሰጥቷል ማለት ነው። መጠኑ ሲያንስ ምንም አይሠራም፤ የሚገርመው ግን ከልኩ ሲያልፍም ጥቅሙ ይቀንሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ይገለበጣል። በመሆኑም «ለርስዎ ጠንከር አድርጌ እሰጥዎታለሁ» መባል እንደ ውለታ የሚቆጠር አይደለም። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ የሞገድ ርዝመቱ፣ ኃይሉ፣ ጊዜውና ነጥቦቹ በካርድዎ ላይ እንዲጻፉ ይጠይቁ፤ ጥያቄው የሚያስቆጣው ባለሙያ ካጋጠመዎት መልሱን አግኝተዋል።

እውነቱን ንገሩኝ፤ በርግጥ ይሠራል?

የተደባለቀ መልስ ነው ያለው፤ ደባልቆ መናገሩም ለታማኝነት ሲባል ግድ ነው። ሌዘርን ከአስመሳይ ሌዘር ጋር ያወዳደሩ በርካታ ጥናቶች ተሠርተዋል። በእነዚህ ጥናቶች የተወሰኑት ታካሚዎች ፊታቸው ላይ የሚያርፈው መሣሪያ ጢጥ ይላል እንጂ ብርሃን አይወጣውም፤ እነሱ ግን አያውቁም። አንዳንዶቹ ጥናቶች እውነተኛው ሌዘር ሕመምን በአጭር ጊዜ ውስጥ የበለጠ እንደቀነሰና አፍ የሚከፈትበትን ስፋት እንደጨመረ አሳይተዋል፤ ሌሎቹ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኙም። ብዙዎቹ ጥቂት ሰዎች ብቻ የተሳተፉባቸው፣ የተለያየ መጠን የተጠቀሙና ከጥቂት ወራት በላይ ያልተከታተሉ በመሆናቸው ደምሮ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አስቸግሯል።

በአስመሳዩ ሌዘር የታከሙትም ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ይህ ሕመም በባሕርይው የሚነሣና የሚበርድ ነው፤ ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በባሰበት ሰሞን በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቢደረግለት ወይም ባይደረግለት መሻል የሚመጣበት ዕድል ሰፊ ነው። በዚያ ላይ ጋደም ብሎ ሩብ ሰዓት ማረፍ፣ የሚያመውን ቦታ በጥንቃቄ የሚዳስስ ባለሙያ ማግኘትና «አይዞሽ፣ ካንሰር አይደለም» መባል ራሱ ጡንቻን ያላላል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የቲኤምዲ ሕመም የሚሰጡ ሕክምናዎችን አነጻጽሮ፣ ሌዘርን በአብዛኛው ባይጠቀሙበት ይሻላል ከተባሉት መካከል አስቀምጦታል። ምክሩ ጠንካራ ክልከላ ሳይሆን እንደ ታካሚው ሁኔታና ምርጫ ሊለወጥ የሚችል ነው። በዚያው መደብ ውስጥ ብዙዎች የሚያምኑበት ጥርስ ላይ የሚጠለቀው ተነቃይ ፕላስቲክ (ስፕሊንት)፣ ጡንቻን የሚያላላው የቦቶክስ መርፌና ወደ መገጣጠሚያው የሚወጋ ስቴሮይድ መኖራቸውንም ማወቅ ያስፈልጋል። መመሪያው በጠንካራ ቃል የደገፋቸው ግን የሚከተሉትን ነው፦ በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ ልምምድና ማሳሳብ፣ የሰውነት አቋም ማስተካከያ ልምምድ፣ የታመሙ የጡንቻ ነጥቦችን በእጅ ማሸት፣ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርም የሥነ ልቦና ሕክምና እንዲሁም ሕመሙን በሚገባ ማስረዳትና ማረጋጋት።

በእኔ እይታ ሌዘር ሊኖረው የሚገባው ቦታ ይህ ነው፦ ዋናው ሥራ ከተጀመረ በኋላ፣ ሕመሙ ልምምዱን ለመሥራት አላስችል ላለው ሰው፣ ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጥ አጋዥ። ብቻውን እንደ መድኃኒት ሲሸጥ ግን አልደግፈውም።

እንግዲያው ሌዘሩ ከመድረሱ በፊት ቤቴ ሆኜ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጥርስዎን ይታዘቡ። አሁን ይህን ሲያነቡ የላይኛውና የታችኛው ጥርስዎ ተገጣጥመዋል? በዕረፍት ጊዜ መነካካት የለባቸውም፤ በቀን ውስጥ የሚነካኩት ሲያኝኩና ሲውጡ ብቻ መሆን አለበት። ከንፈርዎን ገጠም፣ ጥርስዎን ለቀቅ አድርገው፣ ምላስዎን «ን» የምትለውን ፊደል ሲጠሩ በሚያርፍበት ቦታ ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ ያሳርፉት። መኪና ሲነዱ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጡ ወይም ሽንኩርት ሲከትፉ ጥርስዎን ገጥመው ሊያገኙት ይችላሉ፤ ባገኙት ቁጥር ይልቀቁት። በጡንቻ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ይህን ልማድ ብቻ አርሞ ብዙ እፎይታ ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ሕመሙ በተነሣባቸው ሳምንታት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ቁርጥ፣ ሸንኮራ አገዳና ማስቲካ ይቅሩ፤ ሽሮ ፍትፍት፣ አጥሚት፣ ክክ ወጥ፣ ሩዝ፣ አቮካዶና የተቀቀለ ድንች ይብሉ። ጫት ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ይዞ ማኘክ የዚያን ወገን ጡንቻና መገጣጠሚያ ያለ ዕረፍት የሚያሠራ በመሆኑ፣ እየቃሙ ሌዘር መሄድ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ እንስራ እንደ መሙላት ነው። ጉርሻ ደግሞ የብቻው ጣጣ አለው። ፍቅሩ በጨመረ ቁጥር ጉርሻው ይተልቃል፣ አፍም ከልኩ በላይ ይከፈታል፤ በተለይ መንጋጋው የመውለቅ ጠባይ ላለበት ሰው ሠርግ ላይ ትንሽ ቆርሰው እንዲያጎርሱት አስቀድሞ መናገሩ ነውር የለበትም።

ከዚህ ሌላ በሞቀ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጉንጭ ላይ ማድረግ፣ ሲያዛጉ አገጭን በእጅ ደገፍ ማድረግ፣ በሆድ ተኝቶ ፊትን ወደ አንድ ጎን አለማጣመም ይረዳል። ለአጭር ጊዜ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሊጠቅም ቢችልም የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው።

ጠቆር ያለ ቆዳና ንቅሳት ያለባቸው ሰዎች ሌዘር መውሰድ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ነገር ግን ባለሙያው ሊያውቀው ይገባል። የቆዳን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃን ስለሚመጥ፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የበለጠው ብርሃን ገና ቆዳው ላይ ቀርቶ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ወደ መገጣጠሚያው የሚደርሰውም በዚያው ልክ ያንሳል። በደካማ መሣሪያ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ በክፍል 4 መሣሪያ ግን ቆዳን እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል። ሙቀቱ የሚቆጠቁጥ ከሆነ ችሎ ዝም ማለት አያስፈልግም፤ «ያቃጥላል» ብለው ወዲያው ይናገሩ።

ንቅሳት የባሰ ነው። የኛ እናቶችና አያቶች ውበት ብለው የተነቀሱት ብዙውን ጊዜ አንገትና አገጭ ላይ፣ መስመሩም የመንጋጋን ጠርዝ ተከትሎ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ብርሃንን አጥብቆ ስለሚመጥ ከሥሩ ያለው ቆዳ በፍጥነት ይሞቃል። ጫፉ ከንቅሳቱ ላይ መነሣት ወይም ኃይሉ በእጅጉ መቀነስ አለበት። የተነቀሰ ድድም እንዲሁ ነው፤ ሌዘሩ በአፍ ውስጥ የሚሰጥ ከሆነ አስቀድመው ይጠቁሙ።

የብረት ጥርስ ወይም የጥርስ ሽቦ አለኝ፤ እንቅፋት ይሆናል?

አይሆንም። ይህን ፍርሃት ያመጣው በማግኔት የሚሠራው የኤምአርአይ ምርመራ ነው፤ ሌዘር ማግኔት የለውም።

ሌዘር መውሰድ የሌለበት ማነው?

በአካባቢው ካንሰር ያለበት ወይም የሚጠረጠርበት ሰው ያለ ካንሰር ሐኪሙ ፈቃድ መውሰድ የለበትም። ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ዓይን መብራት የለበትም፤ በተለይ ኢንፍራሬዱ ስለማይታይ ዓይን ራሱን ለመከላከል አይጨፈንም፣ ጉዳቱም የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው። መነጽሩ የፀሐይ መነጽር ሊሆን አይችልም፤ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆኑ ጠርዙ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የታይሮይድ ዕጢ ባለበት የአንገት ፊት ላይ አይበራም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውና ቆዳን ለብርሃን ስሱ የሚያደርጉ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች አስቀድመው ለሐኪሙ መናገር አለባቸው።

«መንጋጋ ቆልፍ» ይሆን ብዬ ፈራሁ። መቼ ነው በአስቸኳይ ሆስፒታል የምሄደው?

«መንጋጋ ቆልፍ» በአማርኛ የቴታነስ ስም በመሆኑ አፉ አልከፈት ያለው ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ቴታነስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከቁስል በኋላ ክትባቱን ባልጨረሰ ሰው ላይ ነው፤ መንጋጋው ከመያዙ ጋር የአንገትና የሆድ ጡንቻ ይደድራል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ ሰውነት ይወራጫል። ይህ ከታየ አንድም ሰዓት መባከን የለበትም።

ሌሎችም አሉ። ወደ መንጋጋና ወደ ግራ ክንድ የሚሰራጭ፣ ደረትን የሚጫንና ላብ የሚያመጣ ሕመም የልብ ጡንቻ የደም እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በእንቅስቃሴ የሚመጣና በማኘክ የማይለወጥ ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው የሚዝል ከሆነ፣ አዲስ የራስ ምታት ከያዘው ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ የራስ ደም ሥር መቆጣት ሊሆን ስለሚችልና ማየትን ስለሚያሳጣ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ትኩሳት፣ የጉንጭ እብጠት ወይም መግል ካለ ደግሞ ከበሰበሰ ጥርስ ወይም ከጆሮ ደግፍ ሊመጣ ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ ሌዘር ማብራት ጊዜ ማቃጠል ነው።

ወጌሻ ቢያሸኝስ?

እጁ ለስላሳ የሆነ ሰው የጉንጭን ጡንቻ በዝግታ ቢያሽ ሊያሳርፍ ይችላል፤ ፊዚዮቴራፒስቱም ከሚሠራው ከፊሉ ይኸው ነው። አደጋው ያለው «ወልቋል» ተብሎ መንጋጋው በኃይል ሲጎተት ነው። በርግጥ የወለቀ መንጋጋ አፍን ከፍቶ ያስቀራል፣ ምራቅ ያዝረበርባል፣ መናገር ይከለክላል፤ ከመውደቅ ወይም ከምት በኋላ ከሆነ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ሳይነሣ መነካት የለበትም። አፍዎ እየተዘጋ፣ እየበሉና እያወሩ ከሆነ ግን አልወለቀም፤ የሚመለስ ነገርም የለም።

ለቤት የሚሸጡት ቀይ ብርሃን ያላቸው መሣሪያዎችስ?

አብዛኞቹ ሌዘር ሳይሆኑ ኤልኢዲ የተባሉ ትናንሽ አምፖሎች ናቸው። ኤልኢዲ መሆናቸው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ችግሩ ብዙ ሻጮች ኃይሉን በትክክል አለመግለጻቸው ነው። «ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) የተቀበለው» የሚለው ማስታወቂያም ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው መሣሪያው ቀድሞ ገበያ ላይ ካለ ሌላ መሣሪያ ጋር መመሳሰሉንና ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ጊዜያዊ ማስታገሻ መፈቀዱን እንጂ የመንጋጋ ሕመምን እንደሚያድን መረጋገጡን አይደለም። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች ሌላም ነገር ይገጥማቸዋል፤ ቲኤምዲ የጥርስ ይሁን የሕክምና ኢንሹራንስ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያወዛግባል፣ ሌዘሩን ደግሞ ብዙ ኢንሹራንሶች ገና በሙከራ ላይ ያለ አድርገው ስለሚቆጥሩት ወጪው በታካሚው ላይ ይወድቃል። ከመጀመርዎ በፊት ኢንሹራንሱ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያድርጉ።

ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ? የማይሠራ ከሆነስ መቼ ላቁም?

በጥናቶች የተለመደው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሆኖ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት መስጠት ነው። የሃያ ጊዜ ጥቅል ገዝቶ በቅናሽ መክፈል ግን አይመከርም፤ ስድስተኛው ላይ ለማቆም የሚከለክልዎ የከፈሉት ገንዘብ ይሆናልና።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት የተማሪ ማስመሪያ ይያዙ፤ መስተዋት ፊት ቆመው ሳያምዎ የሚከፍቱትን ያህል አፍዎን ከፍተው ከላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩ። ሕመሙንም ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡት። ሁለቱን ቁጥሮች በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ እሑድ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ደብተር ላይ ያስፍሩ። 31 ሚሊሜትር የነበረው 37 ከደረሰና ሕመሙ ከ7 ወደ 4 ከወረደ መቀጠሉ ትርጉም አለው። ከስድስት ጊዜ በኋላም ማስመሪያው ያው 31 ላይ፣ ሕመሙም ያው 7 ላይ ከሆነ ቀሪውን ቀጠሮ ሰርዘው ደብተሩን ይዘው ወደ ላከዎት ሐኪም ይመለሱ።